ጎመን ያልተጻፈበት ደብተር

«አንቺ ክኒኑን እየዘለልሽ ነው» አሉ ሲስተር ዘሊካ፣ ዓይናቸውን ከደብተሩ ሳያነሱ።

አስካለች ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳብ አደረገች። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም ብላ መለሰች። ሲስተር ከላቦራቶሪ የመጣችውን ብጣሽ ወረቀት አንስተው አሳዩዋት። ባለፈው ወር አሥራ ስድስት ሰከንድ፣ አሁን ደግሞ አሥራ አራት። ደም ማቅጠኛ የሚውጥ ሰው ደሙ በአሥራ አራት ሰከንድ አይረጋም፤ ቢያንስ ሃያውን ማለፍ አለበት። እንግዲህ ቁጥር አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው ማለታቸው ነው።

ከእናቷ ኋላ የቆመችው ለተጊዮርጊስ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም የቤቱ ሐኪም እሷ ናት። ማታ ማታ ከራት በፊት ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ በእናቷ መዳፍ ላይ የምታኖር፣ ውሃውን የምታቀብል፣ ከዚያም ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፋ ምልክት የምታደርግ እሷው ናት። ደብተሩ በማስመሪያ የተሰመሩ ሦስት ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ ክኒን፣ ሰከንድ። አባቷ ወልደ ሐዋርያት ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤውም ከቀረ ቆየ። ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጉሮሮዋን ጠረገችና ክኒኑን የምሰጣት እኔ ነኝ፣ አልዘለለችም አለች።

«ልጅ ለእናቱ ይዋሻል» አሉ ሲስተር ዘሊካ።

ክፋት አልነበረባቸውም። ከበሩ ውጭ አርባ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃቸዋል፤ የልብ ሐኪሙ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ስለሆነ የማክሰኞው ሰልፍ በሙሉ በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው። ክኒኑን ከአንድ ተኩል ወደ ሁለት ከፍ አደረጉት። ቀጥለውም የአስካለችን ካርድ ስበው አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ጻፉበት። ለተጊዮርጊስ ጽሑፉን ተገልብጦም ቢሆን አነበበችው፤ ቃላቱን ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ታማሚዋ ክኒኑን በአግባቡ አትወስድም ይላል።

«ምን ብለው ጻፉ?» አለች አስካለች፣ የሆስፒታሉን በር አልፈው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለች፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አታውቅም።

«የክኒኑን ቁጥር ነው» አለች ለተጊዮርጊስ።

የአስካለች ነገር የጀመረው ዓምና ነው። ቀበሌ ሱቅ የሳሙና ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች ግራ እጇ በድንገት ከዳት፤ ተራዋ ደርሶ የተሰጣትን ሳሙና መጨበጥ አቅቷት መሬት ላይ ጣለችው። እጇ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰላት። ሆስፒታል ሄዳ ስትመረመር ግን ልቧ ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የተነሳ እንደጠበበ ነገሯት። ደሙ እዚያ ጋ እየተጠራቀመ ይረጋል፣ የረጋው ቁራጭ ወደ ጭንቅላት ከሄደ ሽባ ያደርጋል፤ ዕድሜሽን ሙሉ ደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ አሏት። ክኒኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። መሀሉን የሚያውቁት የላቦራቶሪው አቶ ሣህሌ ብቻ ናቸው። ደሙን በቀጭን ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርገው፣ ነጭ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ ይጨምሩበትና፣ በአንድ እጃቸው ቱቦውን እያዘነበሉ በሌላው ሰዓት ይዘው እስኪረጋ ይቆጥራሉ። ለተጊዮርጊስ በመስኮቱ ቀዳዳ እያየች ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራቸው ትቆጥር ነበር።

ጉድ የሠራው ግን ደም ማቅጠኛ የሚለው ስም ነው። በሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የደም በሽታ አንድ ነው፣ እሱም ደም ማነስ። ታዲያ ደሙ በክኒን እንዲቀጥን የተደረገ ሰው ደሙን ከየት ይተካል? በመንገዱ አፍ ላይ ሽንኩርትና ጨው የሚቸረችሩት እትዬ ዘሙሩድ ጥያቄውን መጀመሪያ ያነሱት እሳቸው ናቸው። አስካለችን ባዩ ቁጥር ፊትሽ ነጣ፣ ይሄ ክኒን መጥጦ ሊጨርስሽ ነው ይሏታል። ለተጊዮርጊስም በዚያው ሰሞን የቤት አያያዝ መምህርቷ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ደም ይሠራል ብላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ መልሱን ያገኘች መሰላት።

የዚያኑ ሳምንት የጎመን ችግኝ ለምና መጣች። ከቤታቸው ጀርባ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ያደረቀውን መሬት በዶማ ቆፍራ፣ ድንጋዩን ለቅማ፣ ከምንጩ በባልዲ ውሃ እያመላለሰች አንድ መደብ ጎመን አበቀለች። እንዲህ ያለ ጎመን በሰፈሩ አልታየም፤ ቅጠሉ ከሰፌድ አይተናነስም ነበር ብል ማጋነኔን የሚያውቁት እትዬ ዘሙሩድ ብቻ ናቸው። ከታኅሣሥ ጀምሮ የአስካለች ቁርስም ራትም ጎመን ሆነ። ሁዳዴ ሲገባማ ሌላ ወጥ ከቤቱ ጠፋ። እናትየው በልጇ እየኮራች፣ አንዳንዴም አንገሸገሸኝ እያለች ትበላለች፤ ልጅቷ ደግሞ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቆማ ትጠብቃለች።

በኅዳር ወር ሃያ አራት ሰከንድ የነበረው በጥር ወደ አሥራ ስድስት፣ በየካቲት ወደ አሥራ አራት ወረደ። ሲስተር ዘሊካ ምን በላሽ ብለው አልጠየቁም። አስካለችም አልተናገረችም። ጎመን መብላት ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው ብሎ ማን ያስባል?

በመጋቢት መጀመሪያ ሲሄዱ የላቦራቶሪው መስኮት ተዘግቶ አገኙት። አቶ ሣህሌ ወጥተው ዱቄቱ አልቋል፣ ከውጭ እስኪመጣ ምርመራ የለም፣ ምናልባት ከፋሲካ በኋላ ሞክሩ አሉ። ሰዓታቸውን ከአንገታቸው እንዳንጠለጠሉ ነበር፤ የሚቆጥሩት ነገር ስለሌለ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስላሉ። ሰልፈኛው አጉረመረመ፣ ከዚያም እንደለመደው ዝም አለ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ከለተጊዮርጊስ አጠገብ የተቀመጡት አባባ ኢቲቻ ነበሩ። ከእንጦጦ ጀርባ ገብስና ድንች የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ክኒኑን ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሳቸው ደብተር ላይ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሁለት እያለ ይወርዳል። ለተጊዮርጊስ አይታ ቀናች። ምን ዘዴ ቢያውቁ ነው ብላ ጠየቀቻቸው።

«እዚህ የነበረው ፈረንጁ ሐኪም ነው የነገረኝ፣ አሁን አገሩ ገብቷል» አሉ አባባ ኢቲቻ። «ጎመን የክኒኑ ጠላት ነው አለኝ፣ ልጄ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ጎመን በአፌ አልዞረም።»

ለተጊዮርጊስ የእናቷን ደብተር ገልጣ ከታኅሣሥ ወዲህ የወረደውን ሰከንድ ደግማ አየች። ሽማግሌው የዋሹት ነገር የለም፤ ገና ከጅምሩ ጎመን ትተው ስለነበር ክኒናቸው የተመጠነው ያለ ጎመን ነው። ጎመን ስትበላ ከርማ፣ ክኒኗ በጎመኑ ልክ ከፍ የተደረገባት ሴት በአንድ ቀን ብትተው ምን ትሆናለች የሚለውን ግን አያውቁም። ማንም አልነገራቸውማ።

ቤት እንደደረሰች ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ጎመኑን አንድ በአንድ ከነሥሩ ነቅላ ገደል ጣለችው። እያንዳንዱን ስትነቅል ያ በእንግሊዝኛ የተጻፈው መስመር ትዝ ይላት ነበር። እናቷን ውሸታም ያሰኘው ይሄ ጎመን ነው። የተከለችውም እሷ ናት። ለሲስተር መናገር ይኖርባታል፤ ያን ጊዜ ግን እናቷም ትሰማለች፣ ሰፈሩም ይሰማል፣ እናቷን ልትገድል ነበር ይሏታል። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እጇን ታጥባ ወደ ቤት ገባችና ጎመኑን ትል ጨረሰው ብላ ተናገረች።

«ውይ ልጄን፣ ልፋትሽ» አለች አስካለች። አቅፋ አጽናናቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራቱ ሽሮ ሆነ። ክኒኑ ግን እንደታዘዘው ሁለት ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አስካለች ጠዋት አፏን ስትጉመጠመጥ ውሃው ቀይ ሆኖ ወጣ። ባልዲ ያነሳችበት ክንዷ በለዘ፤ ጭኗም ማንም ሳይመታት ጠቆረ። ለተጊዮርጊስ ፈራች። በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ለጓደኛዋ ለዓለም ሁሉንም ነገረቻት፣ ጎመኑንም፣ ትሉንም። ዓለም በክፍሉ ብልጥ ነኝ ባይ ናት፤ አባቷ የቀበሌ ጸሐፊ ስለሆነ መናገርና አለመናገር ምን እንደሚያመጣ ከሁሉም በላይ አውቃለሁ ትላለች።

«ፋራ አትሁኚ» አለቻት። «ጎመኑን አቆምሽ አይደል? አለቀ። ራስሽን በራስሽ ምን ያስጠቁምሻል?»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ለተጊዮርጊስም እውነት እንዲሆን ስለፈለገች ተቀበለችው።

ማክሰኞ ሲስተር ዘሊካ የአስካለችን ድድ በባትሪ አይተው ክንዷን ገላለጡ። ፊታቸው ዳመነ። አሁን ደግሞ የዘለልሽውን ለማካካስ ደርበሽ እየዋጥሽ ነው አሏት። አስካለች ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሲስተር እስክሪብቶውን አስቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት።

«የተለወጠ ነገር አለ? ሌላ መድኃኒት፣ የሐበሻ መድኃኒት፣ ምግብ?»

«ምን ይለወጣል፣ ጾም ላይ ነኝ» አለች አስካለች። «ቤት ያፈራውን ነው የምበላው። አይደለም እንዴ ለቱ?» ብላም ወደ ልጇ ዞረች።

ለተጊዮርጊስ አፏን ከፈተች። ሲስተር እየጠበቋት ነው። ከጠረጴዛው ላይ ካርዱ ተዘርግቷል፣ መስመሩም አለ። ከኋላ ሰልፈኛው ቶሎ በሉ ይላል። አፏን ዘጋችና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። እሷ ራሷ ከዚያ በኋላ ስታስበው፣ ጎመኑን ከመትከሏም ከመንቀሏም ይልቅ የሚያቃጥላት ያ ራስ መነቅነቅ ነው።

ሲስተር ዘሊካ ተነፈሱ። ሰከንዱን ሳላይ ላውቅ አልችልም፣ ዱቄቱ የለም፣ ክኒን መቀነስ የሐኪሙ ሥልጣን ነው፣ ባቋርጥብሽና እንደ ዓምናው ሽባ ብትሆኚ ማን ይጠየቃል አሉ። ለሐሙስ ከሐኪሙ ጋር ቀጠሯትና እስከዚያ በታዘዘው ቀጥዪ፣ አትደርቢ ብለው አሰናበቷት።

ዳገቱን ሲወጡ አስካለች ደከማትና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቁልቁል ወደ ከተማው አየች።

«እውነታቸውን ይሆን እንዴ?» አለች። «ሳላውቀው እየረሳሁ፣ ደርቤ እየዋጥኩ ይሆን? አእምሮዬ ነው የሄደው?»

እናቷ ራሷን መጠራጠር ጀመረች። ለተጊዮርጊስ ሐሙስ ሐኪሙ ፊት ሁሉንም ልናገር ብላ በልቧ ቆረጠች፤ ሁለት ቀን ምንም አይደለም። ያን ማታ ሁለቱን ክኒን በመዳፏ ይዛ ቆመች። አንዱን ልደብቀው? ከደበቀችው ደሙ ረግቶ ሽባ ቢያደርጋትስ? ካልደበቀችው ደግሞ ድዷ እየደማ ነው። የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ደብተሩ ላይ ሁለት ይላል። ሁለቱንም ሰጠቻት፣ ምልክቱንም አደረገች።

ረቡዕ ጠዋት ለተጊዮርጊስ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ አስካለች ራሴን ፈለጠኝ ብላ ቁጭ አለች። ከዚያ አስታወከች። ከዚያ የያዘችው ኩባያ ከቀኝ እጇ ወደቀ፤ ልጇ ስሟን ብትጠራት ዓይኗን አንከራተተች እንጂ ቃል አልወጣትም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቃሬዛ አመጣ። አራት ሰዎች ተሸክመዋት ቁልቁለቱን ሲወርዱ ለተጊዮርጊስ የእናቷን ጫማ በአንድ እጅ፣ ደብተሩን በሌላው ይዛ ከኋላ ትሮጥ ነበር። እትዬ ዘሙሩድ እስከ አስፋልቱ ተከትለው፣ ክኒኑ ነው፣ ብዬ ነበር፣ ክኒኑ ነው እያሉ አለቀሱ።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ወጣት ሐኪም ነበር። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሳይሆን አይቀርም አለ። ቫይታሚን ኬ የሚባል መርፌ ፈልገው እንዲያመጡ ነርሶቹን ወደ ሁሉም ክፍል ላከ። አንድ በአንድ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

መርፌው ምን ያደርጋል ብላ ለተጊዮርጊስ ጠየቀችው። ሐኪሙ ልጅ መሆኗን አይቶ ቀለል አድርጎ ሊያስረዳት ሞከረ።

«የክኒኑን ሥራ ይሽርልናል። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ጎመን ውስጥ ያለው ነገር ነው።»

ለተጊዮርጊስ ግድግዳውን ተደገፈች። አንድ ሰው ጎመን በየቀኑ ሲበላ ቆይቶ በድንገት ቢያቆም ብላ ጀመረች። ሐኪሙ አላስጨረሳትም። ያ ሰው አደጋ ላይ ነው አላት። ጎመን አይበላ ማለት ግን አይደለም፤ በየቀኑ በእኩል መጠን ይብላ፣ እኛም ክኒኑን በዚያው ልክ እንመጥናለን፣ መጠኑን ሲለውጥ ይንገረን፤ ይህን ለያንዳንዱ ታማሚ መናገር ነበረብን፣ ግን ማን ጊዜ አለው አለ። ካርዱን አገላብጦ ሲያይም ያቺ መስመር ላይ ደረሰ።

«ለነገሩ እናትሽ ክኒኗንም በአግባቡ አትወስድም ነበር» አለና ካርዱን አልጋው ራስጌ ሰቀለው።

አስካለች ዓይኗ ተከፍቷል። የሰማች ይመስላል፤ መልስ መስጠት ግን አትችልም። ቀኝ እጇ አንሶላው ላይ የሌላ ሰው እጅ መስሎ ተዘርግቷል። ትድናለች ወይ ብላ ለተጊዮርጊስ ስትጠይቅ ሐኪሙ እንጠብቅ አላት። ፊቱን ከእሷ አዙሮ ነው ያለው።

ሐሙስ ጠዋት ለተጊዮርጊስ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከነርስ እርሳስና ማስመሪያ ተውሳ አራተኛ ዓምድ አሰመረች። ከታኅሣሥ አንድ ጀምራ በየቀኑ አንጻር ጎመን ብላ ጻፈች፤ ጎመን፣ ጎመን፣ ጎመን፣ ገጹ እስኪያልቅ፣ ቀጣዩም ገጽ እስኪያልቅ። መጋቢት ላይ የነቀለችበት ቀን ስትደርስ ተነቀለ ብላ ጻፈች። ከዚያ በታች ያሉትን ቀናት ባዶ ተወቻቸው። ድድ የደማበትንም ቀን አስገባች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ገባችና ካርዱን ከራስጌው አወረደች። ማንም አልከለከላትም።

የልብ ክፍሉ በር ላይ እንደወትሮው ሰልፍ ነበር። አባባ ኢቲቻ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እናትሽስ አሏት። ተኝታለች አለቻቸው። ተራዋን ጠበቀች። የልብ ሐኪሙ ገና አልደረሰም፣ ጠረጴዛው ላይ ሲስተር ዘሊካ ብቻቸውን ናቸው። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ልጅቷን ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

ለተጊዮርጊስ ካርዱን መስመሩ በወጣበት በኩል ገልጣ ፊታቸው አኖረችው። ከጎኑ ደብተሩን ዘረጋችው። ሲስተር አራተኛውን ዓምድ በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች ወረዱ፣ ገጹን ገለጡ፣ ደግመው ወረዱ። ተነቀለ የሚለው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ለእናትሽ አሁን የሚጠቅማት አይመስለኝም፣ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ» አለች ለተጊዮርጊስ። «ጎመኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። የነቀልኩትም እኔ ነኝ። እማዬ ግን አንድም ቀን አልዘለለችም። መስመሩ ይሰረዝላት።»

እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።